ከመንገድ ነሽ?

ሐዋሳ ውስጥ ብስክሌት መንዳት ማንንም አያስደንቅም። ከተማው ሜዳ ነው፤ ከታቦር ተራራ ግርጌ እስከ ሐይቁ ድረስ ዳገት የሚባል ነገር እምብዛም አይገጥምም። ዳቦ ሊገዛ የተላከ ልጅ፣ ከኋላው ሁለት ጄሪካን ያሰረ ጎረምሳ፣ ከረባታቸውን አስረው ወደ ቢሮ የሚሄዱ አዛውንት፣ ሁሉም ፔዳል እየረገጡ ያልፋሉ። የሚያስደንቀው ብስክሌት ይዞ ከከተማ መውጣት ነው። እሑድ ጠዋት በር ላይ ጎማ ስነፋ ያዩኝ ጎረቤታችን እማማ ሁልጊዜ ይጠይቁኛል።

«ወዴት ነው ልጄ?»

«ወደ ገጠር፣ እማማ።»

«ውይ! ማን ሞተ?»

ማንም አልሞተም። ግን ለምን እንደምሄድ ለእሳቸው ማስረዳት አልቻልኩም። ለእማማ ገጠር ለለቅሶ፣ ለሠርግ ወይም እህል ለማስጫን የሚኬድበት ነው። ደህና ቁርስ በልቶ፣ ምንም ጉዳይ ሳይኖር፣ አቧራ እየቃሙ አርባ ኪሎ ሜትር ደርሶ መመለስ በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም። እኔም ብሆን መጀመሪያ የወጣሁት በፍቅር አይደለም፤ ሸሽቼ ነው።

አስፋልት የተውኩበትን ቀን አልረሳውም። ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ጠርዝ ይዤ ስነዳ አንድ የጫት መኪና ከኋላዬ መጣ። ሞተሩን ሰማሁ፤ ክላክሱን ሰማሁ፤ ቀጥሎ የሰማሁት የገዛ ክርኔ ከጠጠር ጋር ሲፋተግ ነው። መኪናው አልነካኝም። ከአስፋልቱ ያወረደኝ ንፋሱ ነው። ጫት ከተቀጠፈ በኋላ ዕድሜው በሰዓት ይቆጠራል፤ ለጠወለገ ጫት ዋጋ የሚከፍል የለም፤ ስለዚህ ሾፌሩ የሚጣደፈው ቅጠሉ ሳይደርቅ ገበያ ለመድረስ ነው። ቦዩ ውስጥ ተቀምጬ ክርኔን እያየሁ ያሰብኩት ይህንኑ ነው፤ ለቅጠል ልሞት ነበር። ያን ቀን መኪና በሌለበት ካልሆነ በቀር ብስክሌት ላይ ላልወጣ ማልኩ።

ከዚያ ወዲህ ካርታ ማንበብ ተማርኩ። ማታ ማታ ስልኬ ላይ የሳተላይት ምስል ከፍቼ ከአስፋልቱ እየተገነጠሉ ወደ ምሥራቁ ተራሮች የሚሄዱትን ቀጫጭን መስመሮች በጣቴ እከተላለሁ። አንዳንዶቹ የከብት መሄጃ ናቸው። አንዳንዶቹ ወንዝ ዳር ደርሰው ይጠፋሉ። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ታስቦ ነበር፤ በመላ አገሪቱ ብዙ ጠጠር የፈሰሰው ያን ጊዜ ነው። እኔ የምፈልገው የዚያን ዘመን ዓይነት መንገድ ነው፤ መኪና እንዲገባበት የተሠራ፣ ከጥቂት ክረምት በኋላ ግን ጎርፍ ቦርቡሮት መኪና የራቀው። ለሾፌር የተበላሸ ለእኔ ተስተካክሎ ይገኛል። ይህን ስጽፍ ትንሽ አፍራለሁ፤ ምክንያቱን እደርስበታለሁ።

እንዲህ ያለው አነዳድ በውጭው ዓለም ስም ወጥቶለታል፤ ግራቭል ይሉታል። አሜሪካ ውስጥ ካንሳስ ግዛት ኤምፖሪያ በምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ሰዎች 320 ኪሎ ሜትር ገደማ በጠጠር ላይ ሊወዳደሩ ይሰበሰባሉ። ጣሊያኖች የቶስካናን ነጭ የገጠር መንገዶች እ.ኤ.አ. በ2007 ለታላላቅ ጋላቢዎች መወዳደሪያ አደረጓቸው። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ በማሳይ ማራ ለቀናት የሚዘልቅ ውድድር አላት። ለዚሁ ተብሎ የሚሠራው ብስክሌት መሪው እንደ እሽቅድምድም ብስክሌት ወደ ታች የታጠፈ ነው፤ ጎማው ግን ወፈር ይላል፣ ከ35 እስከ 50 ሚሊ ሜትር። እኛ ዘንድ የዚህ መንገድ ስም ኮረኮንች ነው፤ ኮረኮንች ደግሞ የምስጋና ቃል ሆኖ አያውቅም። ወገብ የሚሰብር፣ እንቁላል የሚያስፈራ፣ በየስብሰባው እጅ ወጥቶ አቤት የሚባልበት ነገር ነው። ፈረንጆች ገንዘብ ከፍለው በኮረኮንች ሊንገጫገጩ አገር አቋርጠው ይሄዳሉ ብዬ ለእማማ ብነግራቸው ጸበል ይወስዱኝ ነበር።

የእኔ ብስክሌት እንዲህ ያለ ማዕረግ የለውም። ሁለተኛ እጅ የተገዛ የተራራ ብስክሌት ነው፤ ከማርሾቹ ሁለቱ እንደ ስሜታቸው ይሠራሉ። ስለ ጠጠር የማውቀውን ዋና ነገር ያስተማሩኝ ሰፈራችን ያሉት ጎሚስታ ናቸው። ጎማ በደነደነ ቁጥር ይፈጥናል ብዬ አምን ነበር፤ አንድ ቀን «ጋሼ፣ ድንጋይ እስኪሆን ይንፉልኝ» አልኳቸው። ጎማውን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው አዩና አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ይሄ ለአስፋልት ነው። ጠጠር ላይ የምትነጂ ከሆነ ጎማው እሺ ማለት አለበት።»

መንፊያውን አስቀምጠው ቫልቩን በጥፍራቸው ጫኑት፤ አየሩ ፊሽሽ እያለ ወጣ። እየተናደድኩ ሄድኩ፤ እየተደነቅኩ ተመለስኩ። የደነደነ ጎማ እያንዳንዷ ጠጠር ላይ ይዘላል፤ በዘለለ ቁጥር ወደ ፊት የሚወስደኝ ጉልበት ወደ ላይ ይባክናል። ለስለስ ያለው ግን ጠጠሯን ዋጥ አድርጎ ያልፋል። ከልክ በላይ ከለሰለሰ ደግሞ ሹል ድንጋይ ላይ ስትወጪ ካላማዳሪያው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጦ እንደ እባብ ንክሻ ሁለት ቀዳዳ ይወጣለታል። ልኩ በሁለቱ መካከል ያለች ጠባብ ቦታ ናት። አውራ ጣቴ አሁን ያችን ቦታ ያውቃታል፤ የሚያኮራኝ ሙያ ቢኖር ይኸው ነው።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እወጣለሁ። በምሥራቅ በኩል ኮብልስቶኑ ያልቃል፤ ያልተጨረሱ ቤቶች ያልቃሉ፤ ከዚያ አየሩ ይቀዘቅዛል። ጨለለቃ ደረስኩ ማለት ነው። ሽማግሌዎች ጨለለቃ ሐይቅ ነበር ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከሕዋ በተነሱ ምስሎች ላይ ውሃ ሆኖ ይታያል። ዛሬ ረግረግና የከብት መሰማሪያ ነው። ተራሮቹ ሲራቆቱ አፈራቸው በጎርፍ እየወረደ ደለል አድርጎ ሞላው። ጥቁር ውሃ ወንዝ በዚሁ አልፎ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባል፤ ሐይቁ ደግሞ መውጫ የለውም፤ የመጣለትን ሁሉ ተቀብሎ ይቀመጣል። ጠዋት ጠዋት ጉም ረግረጉ ላይ ሲተኛ ከብቶቹ እግር የሌላቸው ይመስላሉ፤ አባ ኮዳዎቹ መሐላቸው ቆመው እንደ ሸምጋይ አንገታቸውን ደፍተው ያስባሉ።

ከረግረጉ ካለፍኩ በኋላ ጎማዬ ስር ያለው ድምፅ ይለወጣል። ቆርቆር፣ ኮሽ ኮሽ፣ እንደ ቆሎ። አንድ ቀን ወርጄ አንዷን ጠጠር አነሳኋት፤ ነጣ ያለች፣ ቀዳዳ የበዛባት፣ ከመጠኗ ጋር ሲተያይ ክብደት የሌላት። እናቶቻችን ተረከዛቸውን የሚፈገፍጉባት ዓይነት ናት። ኪሴ ከትቼ ወስጄ ሳፋ ውስጥ ጣል ሳደርጋት ተንሳፈፈች። ሐዋሳ የተቀመጠችው ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ተደርምሶ በተወው ሰፊ ገበቴ ውስጥ ነው፤ በስተ ምሥራቅ የቆሙት የወንዶ ገነት ተራሮች የገበቴው ግድግዳ ናቸው፤ በሰሜን ያለው ኮርቤቲ ደግሞ በኋላ እዚያው ውስጥ የበቀለ ሌላ እሳተ ገሞራ ነው። ያቺ ተንሳፋፊ ጠጠር የዚያ ፍንዳታ አረፋ ናት። እና እኔ የምነዳው በደረቀ አረፋ ላይ ነው፤ ሲደርቅ ይሸራተታል፣ ሲዘንብ ግን ውሃውን ቶሎ ስለሚያሰርግ ጭቃ አያቦካም። ጭቃው የሚጀምረው ከፍ ብሎ ካለው ቀይ አፈር ነው፤ ክረምት ላይ እዚያ ከደረስኩ ብስክሌቱ እኔን መሸከሙን ትቶ እኔ እሱን እሸከማለሁ።

መጀመሪያ ስወጣ የፈለግኩት ዝምታ ነበር። መኪና የሌለበት መንገድ ሰው የሌለበት መንገድ መስሎኝ ነበር፤ የከተማ ሰው ስህተት ነው። በገበያ ቀን ከዚያ መንገድ የሚበልጥ ጭንቅንቅ ያለው መስቀለኛ መንገድ ሐዋሳ ውስጥ አላውቅም። ከሰል የጫነ አህያ ስፋቱ ከእኔ ሁለት እጥፍ ነው፤ መንገድም አይለቅም። ለከብት ደወል መደወል ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋ ነው፤ ወርደሽ ዳር ይዘሽ ትቆሚያለሽ፣ እረኛው ሲያሳልፋቸው ትቀጥያለሽ። ትልቅ ሰው ሲገጥም ፍሬን ይዞ፣ ራስን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ይሰጣል። በሲዳምኛ «ኬሬ» ሰላም ማለት ነው፤ ይህችን አንዲት ቃል ይዤ ስንቱን ዳገት ወጥቻለሁ። ሰላምታው ትንፋሽ ይጨርሳል፤ ሳይመልሱ ማለፍ ደግሞ አይቻልም። አንድ ጊዜ በሦስት ኪሎ ሜትር ውስጥ አርባ ሰባት ሰላምታ ቆጥሬ ተውኩት።

ልጆቹ ሌላ ዓለም ናቸው። የራስ ቁሬን ሲያዩ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ይከተሉኛል። አንዴ ቆሜ፣ «ፈረንጅ አይደለሁም፣ የሐዋሳ ልጅ ነኝ» አልኳቸው። አንዷ በጥርጣሬ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «ታዲያ ማን እያባረረሽ ነው?» አለችኝ። አሁንም መልስ አላገኘሁላትም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ በእርግጥ ጭር ያለው ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ መንገዱ ባሕር ዛፍ መሐል የሚገባበት። ከስሩ ሣር የለም፤ ወፍ የለም፤ ቅርፊቱ ብቻ እየተላጠ በንፋሱ ይንኳኳል። በካርታ ላይ የመረጥኩት ይህን ነበር፤ የምመኘው ጥላ፣ ልስልስ አፈር፣ ማንም የለም። ሴት መሆኔ ትዝ የሚለኝ እዚያ ነው። ማርሽ ጨምሬ፣ ወደ ኋላ እያየሁ፣ በሙሉ ጉልበቴ አልፈዋለሁ፤ ከጫካው ወጥቼ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ሳይ ልቤ ወደ ቦታው ይመለሳል። ስለ ግራቭል የሚጽፉ ሰዎች ብቸኝነትን ሲያሞግሱ አነባለሁ። ብቸኝነት የሚጣፍጠው የሚፈሩት ነገር ለሌላቸው ነው።

ጎማዬ የፈነዳው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ነው፤ ከባሕር ዛፉ ወጥቼ፣ የእንሰት አጥር ባለበት መንደር ፊት ለፊት። ከአጥር የወደቀ እሾህ ነው። ጎማውን አወጣሁ፤ መጣፊያ አለኝ፣ ማስቲሹ ግን ቱቦው ውስጥ ደርቋል። ተቀምጬ ቱቦውን ስጨምቅ አሥር ልጆች፣ ከዚያ ሃያ ልጆች ከበቡኝ። አንዱ ሮጦ ሳፋ ውስጥ ውሃ አመጣ፤ ካላማዳሪያውን ነከርነው፤ ቀዳዳዋ የአረፋ ዶቃዎቿን ደረደረች፤ ልጆቹ እንደ ጎል ጮኹ። ሌላው ከየት እንዳመጣው ባላውቅም ግማሽ ቱቦ ማስቲሽ አመጣ።

ማስቲሹ እስኪይዝ ስጠብቅ ጋቢ የለበሱ፣ ምርኩዝ የያዙ አባት መጡ። ጎማውን አላዩም። መሪው ላይ የታሰረውን ስልኬን ነው ያዩት፤ ካርታው በርቶ ነበር። በሲዳምኛ አንድ ነገር አሉ። የደብተር ቦርሳ ያነገተ የአሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ልጅ ተረጎመልኝ።

«ከመንገድ ነሽ ወይ ይሉሻል።»

በመንገድ ነው ወይ የመጣሽው ያሉኝ መሰለኝ። «አዎ አባቴ፣ ከመንገድ ነኝ» አልኩ።

ሁሉም ዝም አለ። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ተናገረ። አባት ክንዴን ይዘው አስነሱኝ፤ ጎማዬን መሬት ላይ ትቼ ተከተልኳቸው። በመንገዱ ሥር የተቀበረው የውሃ ቱቦ ተሰብሮ ጎርፍ መንገዱን የቆረጠበትን አሳዩኝ። ቦዩ በደለል የተደፈነበትን አሳዩኝ። አቮካዶ የጫነ መኪና ቆሞ ያደረበትን፣ ፍሬው የበሰበሰበትን አሳዩኝ። ከመንገድ ባለሥልጣን ለልኬታ የመጣሁ አድርገው እንዳሰቡኝ የገባኝ እዚህ ላይ ነው፤ ለማስተባበል አፌን ስከፍት እሳቸው አንዲት ዋንዛ ሥር ቆሙ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። ልጁም ዝቅ አድርጎ ተረጎመ። የልጃቸው ሚስት ሌሊት ምጥ ያዛት፤ በቃሬዛ ተሸክመዋት ወደ ጤና ጣቢያ ሲሮጡ ዝናብ ነበር፤ እዚህች ዛፍ ሥር ወለደች።

«ተረፈች?» አልኩ።

ልጁ ጠየቃቸው። መለሱለት።

«እሷ ተርፋለች።»

ቀሪውን ማንም አልተናገረም። ዋንዛዋ ነጫጭ አበባዋን ማፍካት ጀምራ ነበር፤ ጥቂቱ ጠጠሩ ላይ ወድቋል። ስልኬ ውስጥ ለዚህ መስመር የሰጠሁት ስም «መኪና የለሽ» ነው። በስሙ እኮራበት ነበር።

ለልጁ እውነቱን ነገርኩት። የመንገድ ሠራተኛ አይደለሁም፣ ልኬታ አላውቅም፣ ለመዝናናት ብስክሌት እየነዳሁ ነው፣ ይህንን ንገርልኝ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ካልሲዬን አየ፣ ብስክሌቴን አየ፣ አያቱ ይሁኑ ጎረቤቱ የማላውቃቸውን አባት አየ። ከዚያ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ተናገረ። አባት በደስታ ራሳቸውን ነቅንቀው ሁለቱንም እጆቼን ያዙ። ልጁ ምን ብሎ እንደተረጎመልኝ እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

ያን ቀን ወንዶ ገነት ደርሼ ፍል ውሃው በሚወርድበት ቦይ እግሬን ነከርኩ። ደኑ እንደ ወትሮው ነበር። ዝግባው፣ ጥቁር እንጨቱ፣ ከላይ እንደ ካባ የተንዠረገገ ጸጉሩን እያወናጨፈ የሚዘለው ጉሬዛ። እዚህ እ.ኤ.አ. በ1978 የደን ትምህርት ቤት የተከፈተው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተራራውን ሽቅብ ባየሽ ቁጥር የቀረውን ደንና ማሳው የበላውን ገደል በአንድ ዓይን ታያለሽ። መንገድ ሲመጣ አምቡላንስ ብቻውን አይመጣም፤ ከሰል የሚጭነውም፣ ግንድ የሚጭነውም ተከትሎ ይመጣል፤ ደለሉም ተከትሎ ወደ ጨለለቃ ይወርዳል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን በዋንዛዋ ሥር ቆሞ ይህን መናገር የሚችል ሰው እኔ አይደለሁም፤ ሌላ ካለ እሱ ይሞክረው።

ለወራት ወደዚያ አልሄድኩም። ወደ ደቡብ፣ በአላሙራ ተራራ ጀርባ በኩል ሌሎች መስመሮችን ሞከርኩ። ጥሩ ናቸው፤ አንዱ ቁልቁለት ላይ ሐይቁ በሙሉ እንደ ሰታቴ ክዳን ሲያንጸባርቅ ይታያል። ግን አልሆነልኝም።

ዘንድሮ መጋቢት ላይ ተመለስኩ። ከባሕር ዛፉ ስወጣ ጎማዬ ስር ያለው ድምፅ ጠፋ። ግሬደር አልፏል። ቀይ ጠጠር ተነጥፎ፣ በሮለር ተዳምጦ፣ ቦዩ ተቆፍሮ፣ የተሰበረው ቱቦ በአዲስ ተተክቶ፣ መንገዱ እንደ ምጣድ ተስተካክሏል። ለመንዳት ይመቻል፤ ፈጣን ነው፤ ጎማዬ የለሰለሰበት ምክንያት እንኳ አልነበረም። ዋንዛዋ አለች፤ ሥሮቿ በአንድ በኩል ተቆርጠዋል።

አባት በራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ከሩቅ አወቁኝ፤ የራስ ቁሩን ይሆናል። ያንን ልጅ ጠሩት፤ ቁመቱ ጨምሯል፣ ድምፁ ጎርንኗል። አባት ወደ ጓሮ ገብተው ሁለት ክንድ የሚሆን ሸንኮራ ይዘው ወጡ፤ ጫፉን በማጭድ አስተካክለው ሰጡኝ፤ ረዘም አድርገው ተናገሩ።

«መንገዱን ስላመጣሽልን እግዜር ይስጥሽ ይላሉ» አለ ልጁ።

«እኔ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ። ልጁ ዓይኑን ከዓይኔ ሳይነቅል ቅንድቡን በትንሹ አነሳ።

ሸንኮራውን ተቀበልኩ። ብስክሌቱ አግዳሚ ላይ በገመድ አሰርኩት፤ ጫፉ ከኋላ እንደ ጭራ ወጣ። ገና መቶ ሜትር ሳልሄድ ከኋላዬ ክላክስ ሰማሁ። ጠርዝ ያዝኩ። ሰባት ሰው የጫነ ባጃጅ አልፎኝ ሄደ፤ አቧራው እስኪበርድ አንድ እግሬን መሬት ላይ አሳርፌ ቆምኩና ሸንኮራውን በጥርሴ ላጥኩት።